ለሴቷ ስሟ ይበቃል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ ሁለት መወልወያ ጨርቅና የአራት ክፍል ቁልፍ ፈርሜ ተረከብኩ። ፍርድ ቤቱ ከከሚሴ ብዙም አይርቅም። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም፤ አብረውኝ የሠሩት ሰዎች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። የተቀጠርኩት በጽዳትና ተላላኪነት ነው። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርትና የማታ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የችሎቱን ደረጃ እየጠረግሁ ሳለ ሬጅስትራሩ በመስኮት ብቅ አሉ። ኦቦ ሁሴን ይባላሉ፤ ቀጭን ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ።

«አንቺ ሴትዮ! ድምፅ አለሽ?»

«ድምፅ የሌለው ሰው አለ?»

«መጥረጊያውን አስቀምጪና ነይ። ስም ጠሪው ታሞ ቀርቷል።»

ሥራውን በቁሜ አስተማሩኝ። በሩ ላይ ትቆሚያለሽ። ፊትሽን ወደ ግቢው ታዞሪያለሽ። ስሙን ሦስት ጊዜ ትጠሪያለሽ፤ በመካከሉ እስከ አስር ትቆጥሪያለሽ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረሽ ለዳኛው «ቀርቧል» ወይም «አልቀረበም» ትያለሽ። ሌላ ቃል አትጨምሪም።

«ለወንዱ ኦቦ በዪ» አሉኝ። «ለሴቷ ስሟ ይበቃል።»

እኛ ዞን የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ አቶ የሚባለው ሰው ኦቦ ነው፣ ወይዘሮዋ ደግሞ አዴ ናት። ወንዱ ማዕረጉን ይዞ ሊገባ፣ ሴቷ ባዶዋን ልትገባ ማለት ነው።

«ለምን?» አልኳቸው።

«ቀጠሮው ብዙ ነው። ጊዜ የለም።»

«ኦቦ ለማለት ጊዜ ካለ፣ አዴ ለማለት ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ኦቦ ሁሴን መነጽራቸውን አጥልቀው አዩኝ። «ሥራ የጀመርሽው ዛሬ ነው አይደል?» አሉኝ።

ገባኝ። ባሌ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ቤት ሦስት ልጆች አሉኝ። ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ዝምታ ነው።

የመጀመሪያውን ስም ጠራሁ። ባለጉዳዩ ከሰንበቴ የመጣ የከብት ነጋዴ ነው፤ ቁመቱ የበሩን ጉበን ይነካል። «ኦቦ!» ብዬ ስሙን ስጨምር ግቢው ሙሉ ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ሰውዬ ከድንጋዩ ላይ ተነሣ፤ ሽርጡን አራገፈ፣ ኩታውን አስተካከለ፣ ዱላውን ለጓደኛው ሰጠ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ በአጠገቤ አለፈ። እኔ መጥረጊያ የያዝኩ ሴት ነኝ። ከአፌ የወጣ ቃል እንዲህ ያለ ሰው አስነሥቶ ሲያመጣ አይቼ አላውቅም። ያ ረቢ፣ አልኩ በሆዴ።

ስም ጠሪው ድኖ ሲመለስ መዝገብ ቤት ተመደበ። እኔ እዚያው በሩ ላይ ቀረሁ። ጽዳቱም አልቀረልኝም።

ለማያውቅ ልንገር። በችሎት ቤት ከላይ ዳኛ አለ፤ ከዚያ ሬጅስትራር፤ ከዚያ መዝገብ ያዥ፤ ከዚያ ጸሐፊ፤ ከዚያ ፖሊሱ። ስም ጠሪ ከሁሉም በታች ነው። መሣሪያው ድምፁና የቀጠሮ ዝርዝሩ ነው። ዝርዝሩ በጠዋት ታትሞ አንዱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ አንዱ ለእኔ ይሰጠኛል። የኦሮምኛውን ፊደል ቁቤን ያኔ በደንብ አላነብም ነበር። ማታ ማታ የልጄን ደብተር እየተዋስሁ ለመድኩት። አማርኛ ብቻ ለሚያውቅ ባለጉዳይ ደግሞ እዚያው በሩ ላይ በአማርኛ እደግምለታለሁ፤ እኔ በሁለቱም አፌን ፈትቻለሁ።

እዚያ በር ላይ ቆሜ ሰው እንዴት እንደሚነሣ ተማርኩ። ወንዱ ኦቦ ሲባል ገና ስሙ ሳያልቅ ይነሣል። ሴቷ ግን በመጀመሪያው ጥሪ ግራ ቀኟን ታያለች። በሁለተኛው ጎረቤቷን ትጠይቃለች። በሦስተኛው መሸፈኛዋን አፏ ላይ ይዛ፣ የሠራችው ጥፋት ያለ ይመስል እየተጣደፈች ትመጣለች። ወንዱም ሴቷም የመጡት ፍርድ ፍለጋ ነው፤ እሷ ግን ገና ደረጃውን ሳትወጣ የተፈረደባት ትመስላለች። ይህን በየቀኑ አየሁ። አየሁና ለመድኩት። መልመድ መጥፎ ነገር ነው።

ሁሉም ቀን የሚያስከፋ አልነበረም። አንድ ጊዜ ፍቺ የጠየቀች ሴት ቅጽ ስታስሞላ መዝገብ ያዡ፣ «ወይዘሮ ልበል ወይዘሪት?» አላት።

«እሱን እንዲነግሩኝ አይደል እንዴ የመጣሁት!» አለችው። ኦቦ ሁሴን እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አዲስ ዳኛ ተመደበችልን። ሴት ናት፤ ልጅ እግር ናት፤ ከእኔ ሁለተኛ ልጅ አትበልጥም። አንድ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ገቡና ወንበሩ ላይ እሷን ሲያዩ፣ «ልጄ፣ ዳኛው የት ሄዱ?» አሏት።

«ዳኛዋ እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ደንግጠው እጅ ነሡ። «ይቅር በዪኝ፣ ጌታዬ!»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛዋ ግን አልሳቀችም። «ክቡር ፍርድ ቤት ማለት ይበቃል፣ አባቴ። እሱ ለወንድም ለሴትም ይሆናል» አለቻቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቃሏን ያዝኩት። አንድ ቃል ለወንድም ለሴትም እኩል ሲሆን ያን ቀን ነው መጀመሪያ የሰማሁት። ማታ ቤቴም ገብቼ አሰብኩት። አስቤ ግን ምንም አላደረግሁም።

ከዚያ ከጨፋ አንዲት ሴት መጣች።

ጉዳይዋ የሁከት ይወገድልኝ ክስ ነበር። ባሏ ሞቷል። የመሬት ደብተሩ ላይ የእሷም የባሏም ፎቶ አለ። የባሏ ታላቅ ወንድም ኦቦ ይማም ግን «መሬቱ የአባቴ ነው» ብሎ በሬ አስገባበት። ማሽላ የሚዘራበት ጊዜ ደርሷል። ፍርድ ቤቱ ቶሎ ካልከለከለው የዘንድሮው ዘር የእሱ ነው፤ የዘንድሮው ዘር የእሱ ከሆነ ደግሞ የከርሞውን ማን ያስጥለዋል? ልጆቿ ሁለት ሴቶች ናቸው። ከዚያች መሬት በቀር ሌላ የላቸውም።

የቀጠሮዋ ቀን ሰኞ ነበር። ዝርዝሩ ላይ «ከድጃ እንድሪስ» ይላል። በሩ ላይ ቆምኩ።

«ከድጃ እንድሪስ!»

እስከ አስር ቆጠርኩ። ማንም አልተነሣም።

«ከድጃ እንድሪስ!»

ኦቦ ይማም ቀድሞ ገብቶ ቆሟል። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከድጃ እንድሪስ!»

ወደ ውስጥ ዞሬ «አልቀረበችም» አልኩ። ተከሳሹ ቀርቦ ከሳሽ ከቀረ ሕጉ የታወቀ ነው፤ ዳኛዋ መዝገቡን ዘጋችው። ኦቦ ይማም እጅ ነሥቶ ወጣ። እኔም ቀጣዩን ስም ጠራሁ። ሁሉም ነገር ሻይ ፈልቶ ሳይቀዳ የሚቆይበትን ያህል እንኳ አልፈጀም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ችሎቱ ተነሣ። ግቢውን ልጠርግ ስወጣ ግራሩ ሥር አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች። ሰማያዊ መሸፈኛ አድርጋለች። አቅፋ የያዘችው ላስቲክ ውስጥ የመሬት ደብተር ይታያል። ያችን ሴት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ስከፍት አይቻታለሁ። ውሃ ልቀዳ ሳልፍ «አካም ቡልተን» ብላ በደህና ማደሬን ጠይቃኝ መልሼላታለሁ። ከዚያች ግራር አልተነሣችም።

«እህቴ፣ ማንን ትጠብቂያለሽ?»

«እስኪጠሩኝ ነው።»

«ችሎቱ አልቋል እኮ። ማን ትባያለሽ?»

«ሎሚ።»

ዝርዝሩን ከኪሴ አወጣሁት። ሎሚ የሚባል የለበትም። ደብተሩን ከላስቲኩ አውጥታ ሰጠችኝ። ፎቶውን አየሁ፤ ስሙን አነበብኩ። ከድጃ እንድሪስ።

«ከድጃ ብዬ ሦስት ጊዜ ስጠራ አልሰማሽም?»

«ኧረ ሰምቻለሁ። የሆነች ልጅ ይጠራሉ ብዬ ነው።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጋ ነገረችኝ። «ከድጃ እኮ አባቴ ቤት ነው የቀረችው። የተዳርኩ ዕለት አማቴ ሎሚ ብላ አወጣችልኝ። አዴ ሎሚ እያሉ አርባ ዓመት ኖርኩ። አሁን ከድጃ የሚለኝ ማን አለ? የሚሉኝ ሰዎች አልቀዋል።»

የሌላ አገር ሰው ቢሆን አላውቅም ነበር ይል ይሆናል። እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተድሬ፣ የሙሽራ ስም ያለኝ ሴት ነኝ። እኔንም አማቴ ብርቄ ብላኛለች። በእናትና አባት ስሜ ዘሀራ ብሎ የሚጠራኝ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ለሙሽራ አዲስ ስም ማውጣት አክብሮት ነው፤ የባሏ ቤተሰብ በዚያ ስም ይጠራታል፤ በልጅነት ስሟ ማንም ደፍሮ አይጠራትም። አንዲትን የልጅ ልጅ ያየች ሴት በአደባባይ በልጅነት ስሟ፣ ያውም ያለ አዴ፣ እንደ እረኛ ጮኼ ጠርቼ፣ ያቺ ሴት እንድትነሣ መጠበቄ! ያን ወረቀት ስይዝ የማውቀውን ሁሉ ረሳሁት ማለት ነው።

«እና መቼ ነው የሚጠሩኝ?» አለችኝ።

መዝገቡ መዘጋቱን ስነግራት አላለቀሰችም። ደብተሩን ላስቲኩ ውስጥ መለሰች፣ አጥብቃ አሰረችው። «ጠዋት ጎረቤቴ ናት የነገረችኝ፤ በሬዎቹ ዛሬም ገብተዋል» ብቻ አለች።

ቀጥ ብዬ ኦቦ ሁሴን ቢሮ ገባሁ። ምሳ ሊወጡ ኮታቸውን ይዘዋል።

«ጥፋት ሠርቻለሁ» አልኩና ነገርኳቸው።

«መዝገብ የሚዘጋው ዳኛ እንጂ አንቺ አይደለሽ። በአንድ ወር ውስጥ ይከፈትልኝ ብላ በቃለ መሐላ ታመልክት።»

«ግቢ ውስጥ እንደነበረች ማን ይመሰክርላታል?»

መነጽራቸውን አጠለቁ።

«እኔ አይቻታለሁ። እጽፋለሁ። እንዴት እንደጠራኋትም እጽፋለሁ።»

«በራስሽ ላይ ትጽፊያለሽ?»

«በማን ላይ ልጻፍ?»

ኮታቸውን አንጠልጥለው ተቀመጡ። ሁለታችንም የምናውቀውን አልተነጋገርነውም። ለሴቷ ስሟ ይበቃል ያሉት እሳቸው ናቸው። «ከሥራ ብትባረሪ ማን ይቀጥርሻል?» አሉኝ። ማስፈራሪያ አልነበረም፤ አዝነው ነው።

«ማንም» አልኳቸው። «እሷን ግን ማን መሬት ይሰጣታል?»

በእጄ ጻፍኩት፤ አንድ ገጽ ሞላ። አጻጻፌ ጠማማ ነው፤ የተጻፈው ግን ጠማማ አልነበረም። አዴ ሎሚም አመለከተች። ሁለቱም ወገን እንዲቀርቡ ቀጠሮ ተሰጠ።

በቀጠሮው ቀን በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆመ፤ እኔ ምስክር ሆኜ ውስጥ ነበርኩ። በመጀመሪያ ዳኛዋ አዴ ሎሚን ጠየቀቻት። «የከሰሱት ሰው ማን ይባላል?»

አዴ ሎሚ መሬት መሬት አየች። «የባለቤቴ ታላቅ ነው።»

«ስሙን ይንገሩኝ።»

«አልጠራውም። ታላቄ ነው።»

«መሬቴን ነጠቀኝ ብለው ከሰውት ስሙን አልጠራም ይላሉ?»

«ስለ መሬቱ አላህና ፍርድ ቤቱ ይፍረዱ። ስሙን ግን ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ዕለት ትቼዋለሁ። ለመሬት ብዬ አላነሣውም።»

ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። በዳዩን በስሙ መጥራት አክብሮት ማጉደል ነው ብሎ የሚተው ከሳሽ ግን አይቼ አላውቅም። ኦቦ ይማም አንገቱን ሰበረ።

ተራው የእኔ ሆነ። ማልኩ። ከጠዋት ጀምሮ ግራሩ ሥር እንዳየኋት፣ እንዴት እንደጠራኋት ተናገርኩ። ዳኛዋ ወረቀቴን ይዛ፣ «ለወንዶቹ ኦቦ እያልሽ ነበር የምትጠሪው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ለሴቶቹስ?»

«ስማቸውን ብቻ።»

«ይህን ያዘዘሽ ሰው አለ?»

ኦቦ ሁሴን ጥግ ላይ መዝገብ ታቅፈው ቆመዋል። ወደ እሳቸው አልዞርኩም። «ልክ እንዳልሆነ እያወቅሁ የጠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። የምዋሽበትም የምከስበትም ቀን አልነበረም። እሳቸው ግን ከጥጉ ወደፊት አንድ እርምጃ መጡና፣ «ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አሉ። እኚያን ሰው እስከዚያ ቀን አላውቃቸውም ነበር።

ኦቦ ይማም እጁን አወጣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው? የተጠራችው በመታወቂያዋ ስም ነው። ስሟን ሰምታ ካልመጣች ጥፋቱ የራሷ ነው።»

ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ኦቦ ይማም፣ ከእኚህ ሴት ጋር ስንት ዓመት ተዛምደዋል?»

«አርባ ይሆናል።»

«ከድጃ ብለው ጠርተዋቸው ያውቃሉ?»

«እኔ?» አለ። ክርክሩን ረስቶ፣ በእውነት ተቆጥቶ ነው የተናገረው። «እንዴት ብዬ! የወንድሜ ሚስት አይደለችም እንዴ? ነውር አይደለም? እኔ ቀርቼ ልጆቼም ከድጃ ብለው አይጠሯት! አዴ ሎሚ ናት! አገሩ ሁሉ የሚያውቃት አዴ ሎሚ ብሎ ነው!»

ተናግሮ ሲጨርስ ነው የገባው። አፉን በእጁ ሸፈነ።

አንድም ሰው አልሳቀም። መሬቷን ሊወስድ የመጣ ሰው ክብሯን የሚነካ ሌላ ሰው የመጣ መስሎት ዘሎ ቆመላት። የጠላት አፍ እውነቱን እንዲህ ጥርት አድርጎ ሲያወጣው አይቼ፣ ፈራጁ አላህ፣ ፍርድ ቤቱም ወንበሩ ብቻ እንደሆነ ገባኝ።

ዳኛዋ ጻፈች። ከሳሿ በጥሪ ጉድለት እንጂ በራሷ ቸልተኝነት አልቀረችም፤ መዝገቡ ይከፈት፤ ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ በሬዎቹ ከመሬቱ ይውጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ችሎት ሳይሰየም ግቢውን ዙሪ። እያንዳንዷን ሴት ምን ተብላ እንደምትጠራ ጠይቂና ከመዝገቡ ስም ጎን ጻፊ። ስትጠሪም ሁለቱንም ጥሪ፤ ማዕረጉ እንዳይቀር» አለችኝ። አላባረረችኝም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ግን ማኅደሬ ውስጥ ገብቷል፤ ተገቢ ነው።

በማግስቱ እርሳስ ይዤ ግቢውን ዞርኩ። ወጣቷ «ወይዘሪት በዪኝ» አለች። ሌላዋ «ባሌን ፈትቻለሁ፣ ግን ወይዘሮነቴን አልፈታሁም» አለች። ሐጅ ያደረጉ አሮጊት ሐጂያ መባል እንደሚሹ ለመናገር አፍረው ልጃቸው ነገረችኝ። አንዷ የጉልበት ሠራተኛ ግን ጥያቄው አልገባትም፤ «የፈለግሽውን በዪኝ» አለች። ተራዋ ሲደርስ «አዴ!» ብዬ ስሟን አስከትዬ ጠራሁ። እንደ ሌሎቹ ሴቶች ግራ ቀኟን አላየችም። ቀና ብላ በግቢው መካከል በቀስታ መጣች፤ ሰው መንገድ ለቀቀላት። የእኔ ድምፅ ያው ነው። አንዲት ቃል ነች የጨመርኩት። ይህን ያህል ትሠራለች ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

የአዴ ሎሚ ጉዳይ ሦስት ቀጠሮ ወሰደ። የመሬት ባለሙያዎች ሄደው ለኩ፤ የአካባቢው ሰዎች መሰከሩ። መሬቱ ተወሰነላት። ኦቦ ይማም ይግባኝ አልጠየቀም። ማሽላውን በሰዓቱ ዘራችው፤ ይህን የነገረችኝ ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ አግኝታኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ብዙ ዓመት ጠርቻለሁ። አሁን በድምፅ ማጉያ ነው የሚጠራው አሉ፤ ደግ ነው፣ ጉሮሮ አያደርቅም። በእኔ ቦታ ለቆማችሁ የምላችሁ ይህን ነው፤ ጠርታችሁ ሰው ካልመጣ፣ «አልቀረበችም» ከማለታችሁ በፊት ግቢው ድረስ ውጡና የተቀመጠችውን ሴት ምን ተብላ እንደምትጠራ ጠይቋት።